ሚስማሩ ላይ የቀረው ክር

አክስቴ አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም። ይህን ስናገር የማያምኑኝ ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም በከተማችን ከአንዱ ሀገር አየር ማረፊያ እስከ ሌላው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ማወቅ የፈለገ ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሷ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው መሀል ከተማ ባለ የአውሮፕላን ትኬት መሸጫ ውስጥ ነው። ሰፈሩም ስም አውጥቶ «እትዬ ስንት-ይፈጃል» ይላታል። ዳቦ ቤት ተሰልፋ እንኳ አንዱ ጠጋ ብሎ ልጁ ስለሚሄድበት ሀገር ይጠይቃታል፤ እሷም ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ፣ ትንሽ አሰብ አድርጋ ትመልስለታለች። ቀልደኞቹ ደግሞ «እትዬ፣ ከዚህ እስከ ደመወዝ ስንት ይፈጃል?» ይሏታል። ፊቷን ሳትፈታ «ነፋሱ ፊት ለፊት ከሆነ ግማሽ ወር ጨምርበት» ብላ መንገዷን ትቀጥላለች።

መሥሪያ ቤቷን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ከመንገዱ በመስታወት የተለየ አንድ ክፍል ነው። ሦስት ጠረጴዛ፣ ስፖንጁ የወጣ የደንበኞች ሶፋ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ የዓለም ካርታ። ካርታውን ግን አክስቴ አታምነውም። ድቡልቡሏን ምድር ወረቀት ላይ ዘርግተው ውሸታም አደረጓት ትላለች። እሷ የምትተማመነው ጠረጴዛዋ ላይ ባለው የምድር ሉል ነው። ደንበኛው መጥቶ የሚሄድበትን ሲነግራት ከመሳቢያዋ የልብስ መስፊያ ክር ታወጣለች። አንዱን ጫፍ እኛ ከተማ ላይ በአውራ ጣቷ ትጫናለች፤ ሌላውን ጫፍ ደንበኛው ራሱ የሚሄድበት ቦታ ላይ እንዲይዝ ታደርገዋለች። ከዚያ ክሩን ወጠር ስታደርገው መንገዱን በራሱ ያገኛል። ሰውየው በባሕሩ ላይ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ ብሎ ሲያስብ፣ ክሩ ሸርተት ብሎ ወደ ላይ፣ በረዶ ወዳለበት ይወጣል። ምነው ይህን ያህል አዞራችሁን የሚል አይጠፋም። አጭሩ እሱ ነው ትለዋለች፤ ክሩን ለክታ ኪሎ ሜትሩን ታወጣለች፣ አውሮፕላኑ በሰዓት ለሚሄደው ዘጠኝ መቶ ታካፍላለች፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ትጨምራለች። ኋላ ኮምፒውተር ገባና ይህ ሁሉ ጣጣ ቀረ። እሷ ግን መጀመሪያ ክሩን፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ነበር የምታየው። አለቃዋም ደንበኞቹ የክሩን ጫፍ መያዝ እንደሚወዱ ስላወቀ ተዋት።

ይህ አመል ቤት ድረስ ተከትሏት ገባ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሲሳፈር የተለካበትን ክር ይዛ ትመጣና ኮሪደሩ ውስጥ፣ ከስልኩ በላይ ባለ ሚስማር ላይ ታንጠለጥለዋለች። ተጓዡ እንደደረሰ አንድ ጊዜ ብቻ ደውሎ ይዘጋል። ያን ጊዜ ከውጭ ሀገር መደወል ኪስ የሚያራቁት ነገር ስለነበር ስልኩን ማንሳት በቤታችን ትልቅ ወንጀል ነው። አንድ ጥሪ ማለት ደርሻለሁ ማለት ነው፤ አለቀ። ስልኩ አንዴ ጮኾ ዝም ሲል አክስቴ ክሩን ታወርዳለች፣ ጣቷ ላይ ጠቅልላ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ትከታለች፣ ከዚያ ገብታ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ትታጠብና «ደረሰ» ትላለች።

እስከዚያ ድረስ ግን አትቀመጥም። ሰው አየር ላይ እያለ እሷ ወንበር አትነካም። ስትጠርግ፣ ስታጥፍ፣ የተወለወለውን መልሳ ስትወለውል ትውላለች። በመሀሉ አሁን በረሃውን ጨረሱ፣ አሁን ምሳ ሰጥተዋቸዋል፣ አሁን ያ ደንቆሮ ጫማውን አውልቆ ተኝቷል እያለች ትነግረናለች። ደንቆሮ የምትለው ወንድሟን፣ አጎቴን ነው። ጥሪው ካለችው ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ከአውሮፕላን መውረጃውን፣ የፓስፖርቱን ሰልፍ፣ የሕዝብ ስልክ ፍለጋውን ሳይቀር አስባበታለች። ይህን ሁሉ የማውቀው እናቴ ሥራዋ ሌላ ከተማ ስለነበር አክስቴ ቤት ስላደግኩ ነው። የእኔን ነገር ላሳጥረውና፣ እኔ በጥንቆላም በሕልምም የማላምን፣ ሰው ሲያጋንን ደሜ የሚፈላ ሴት ነኝ። ዛሬም ያው ነኝ። የሆነውን ግን እንደሆነው ከመናገር ሌላ ምርጫ የለኝም።

የአክስቴ ባል ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ጋሼ እለው ነበር። ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ቅባት በምንም ሳሙና አይለቅም፤ ሲስቅ ድምፁ ከሆዱ ነው የሚወጣው። ዕድሜውን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው አውሮፕላን መፍራቱ ለእኛ መሳቂያ ነበር። ሊፍት ሲበላሽ ገመዱን አውቀዋለሁ፤ አውሮፕላኑ ግን በምን ነው የተንጠለጠለው ይላል። ሲፈራ ኖሮ ኖሮ፣ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ከሚሠራበት አንድ ሩቅ ከተማ ጥሩ ሥራ ተገኘለት። ትኬቱን የቆረጠችለት ራሷ አክስቴ ናት። ሉሉን ከመሥሪያ ቤት ተውሳ አምጥታ እራት ጠረጴዛው ላይ ለካችው፤ ሌላውን ጫፍ የያዘላት እሱ ነው። ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ መሀል ላይ ማረፊያ የለም።

በሚሄድበት ጠዋት የቡናማ ኮቱ አንድ ቁልፍ ወለቀ። አክስቴ ቤቱን አገላብጣ የሚመሳሰለው ብታጣ፣ ከእኔ የትምህርት ቤት ሹራብ ላይ ሰማያዊ ቁልፍ ቆርጣ ሰፋችለት። በማግስቱ መምህሬ ሹራቤ ተከፍቶ ስታይ ተማሪ ሁሉ ፊት አስቆመችኝ፤ ቂሙ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። የአክስቴ ልጅ፣ እኛ ትንሿ የምንላት፣ ያን ጊዜ ገና ትድህ ነበር። ጋሼ ከወለሉ ላይ አንስቶ አገላብጦ ሳማት፣ እኔንም ሳመኝ፣ ሄደ።

ጥሪው አልመጣም። አየር መንገዱ ሰውየው ተሳፍሯል፣ አውሮፕላኑም በሰላም አርፏል አለ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴትዮ ተፈልጋ ተገኝታ፣ አብሯት እንደወረደ፣ ቦርሳዋንም ከላይ እንዳወረደላት ተናገረች። የቀጠረው ድርጅት የላከው ሰው ስሙን ጽፎ መውጫው ላይ ጠብቆ ጠብቆ፣ ጠራጊዎቹ መጥተው ወለሉን መወልወል ሲጀምሩ ተመለሰ። የዚያ ሀገር ፖሊስ በበኩሉ እንዲህ ያለ ሰው ሀገራችን አልገባም፣ ፓስፖርቱ ላይ ማንም ማኅተም አልመታም አለ። እንግዲህ ከአውሮፕላኑ ወርዷል፤ ሀገሩ ግን አልገባም። በሁለቱ መሀል ያለው አንድ ረጅም ኮሪደርና አንድ ሰልፍ ነው። ሰው ኮሪደርና ሰልፍ መሀል እንዴት እንደሚጠፋ የሚነግረን ጠፋ።

ዘመድ ተሰብስቦ መጣ። ቁርጥሽን እወቂ፣ ጥቁር ልበሺ፣ እኛም አልቅሰን ይውጣልን አሏት። አሻፈረኝ አለች። ጥሪው አልመጣም፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ላለ ሰው አይለቀስም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የሞተ ሰው ነው ብላ ፎቶዎቹን ሳይቀር ሣጥን ውስጥ ከታ ቆለፈችባቸው፤ ትንሿ የአባቷን መልክ ሳታውቅ አደገች። ክሩ ብቻ ሚስማሩ ላይ ቀረ። ነጭ የነበረው እየዋለ እያደረ የሻይ መልክ ያዘ። ሌላ ሰው ሲጓዝ አጠገቡ ባለ ሌላ ሚስማር ላይ ታንጠለጥላለች እንጂ የጋሼን ሚስማር ማንም አይጋራውም። ግድግዳው በሚቀባበት ጊዜ ቀለም ቀቢው ክሩን እንዳይነካ እንደ ዘበኛ አጠገቡ ቆማ ትውላለች፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለችው ግድግዳ የድሮው ቀለም ናት።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልችልም። ዕድሜዬ ጠና ሲል ፊት ለፊት ነገርኳት። አንቺ የምታውቂው ሰዓት ነው፣ ይህ ግን ዓመት ነው፣ የትኛው መንገድ ነው ዓመት የሚፈጀው አልኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል «ዓመትም ሰዓት ነው፣ ሲበዛ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አፌን ያዝኩ።

ትንሿ አድጋ ነርስ ሆነች። ሳቂታ፣ ችኩል፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች የማታውቅ ልጅ ናት፤ ለሕመምተኛ ግን እጇ ቀላል ነው ይሏታል። ምድር ሙሉ ሆስፒታል እያለ ሥራ ያገኘችው ከዚያችው ከተማ ነው። ይህን ለእናቷ የምትነግር ቀን እኔን ይዛኝ ገባች፤ አክስቴ የምትጮኽ መስሏት። አክስቴ አልጮኸችም። ጡረታ ስትወጣ መሥሪያ ቤቷ ሉሉን በስጦታ ሰጥቷት ነበር፤ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አውርዳ አቧራውን ጠረገችና ክር አወጣች። «ያዥው» አለቻት። ትንሿ ጫፉን ያዘች። ክሩ ተወጠረ፤ ሸርተት ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ያንኑ ያህል ሆነ። ምድር እንደሆነ አላጠረችም፣ ያው መሆኑ የት ይቀራል። ያቺን ጣት ያ ቦታ ላይ ሳያት ግን ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ።

ከዚያ አስማለቻት። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ቢሆንም፣ መልእክት መላክ እንደ ውሃ ቢረክስም፣ ስትደርሺ የምትደውዪው ወደ ኮሪደሩ ስልክ ነው፣ አንዴ ብቻ አለቻት። ትንሿ እየሳቀች ማለች። እናቷ ግን አልሳቀችም፤ አገጯን ይዛ ደግማ አስማለቻት።

በረራው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ሸኝተናት ተመለስን። አክስቴ በመንገድ ላይ ሁሉን ነገረችኝ፦ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታርፋለች፣ ሰልፉ አንድ ሰዓት ቢፈጅባት ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል። ቤት ገብታ ክሩን ከቦርሳዋ ስታወጣ ነው ሁለተኛው ሚስማር እንደሌለ ያስታወስነው። ባለፈው ዝናብ ግድግዳው ርሶ ከነልስኑ ወድቆ ነበር፤ ማንም አልመለሰውም። መዶሻ አምጪ ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኳት። እሷ ግን ትንሽ ቆም ብላ አየችውና አዲሱን ክር በአሮጌው ላይ ደርባ አንጠለጠለችው። «ያው አንድ መንገድ ነው» አለች። ነጩና ቢጫው ጎን ለጎን ወረዱ፤ ጫፋቸው እኩል ነበር።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ አክስቴ መስኮት ትወለውላለች። ልጅቱ የመንገዷ እኩሌታ ላይ ናት፤ ከሥሯ ውሃ ብቻ ነው፣ ግራም ቀኝም ውሃ ብላኝ ነበር አክስቴ። የኮሪደሩ ስልክ አንድ ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ዝም።

ያ ስልክ ሙሉ ወር ትንፍሽ ሳይል ሊከርም ይችላል። ቢላዋውን እንደያዝኩ ወጣሁ። አክስቴ ጨርቁን በእጇ ጨብጣ ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ቆማለች፤ ውሃው በክንዷ ላይ ይንጠባጠባል። የቁጥር ስሕተት ነው አልኳት፤ እንዲህ ስል የገዛ ድምፄ ራሴን አላሳመነኝም።

«የትንሿ አይደለም» አለች። «የእሷ ሰዓት አልደረሰም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

 ወደ ሚስማሩ ሄደች፤ አዲሱን ክር በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ አሮጌውን ከሥሩ ሳበችው። ለዓመታት የተንጠለጠለ ክር ነውና ሚስማሩ ያረፈበት ቦታ እንደታጠፈ ቀርቷል። ጣቷ ላይ ቀስ እያለች ጠቀለለችው። አዲሱን መልሳ ሰቀለች። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃው ሲፈስ ሰማሁ፤ ስትወጣ ከአገጯ እየተንጠባጠበ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ «ደረሰ» አለች።

ለቅሶ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ደስታ ነው የሆነው። ይህ ነው ያስፈራኝ። አክስቴ ያን ቀን እንደ ሙሽራ ሆነች። ፀጉሯን ፈትታ አበጠረች። ለሠርግ ብቻ የምትለብሰውን አረንጓዴ ቀሚስ አወጣች። እያንጎራጎረች ሻይ አፈላች። ከዚያ ደግሞ፣ ዓይኔ እያየ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በሕይወቴ ሰው አየር ላይ እያለ ስትቀመጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ደሜ ፈላ። ልጅሽ ውቅያኖስ ላይ ሆና አንቺ ለአንዲት የስሕተት ጥሪ ድግስ ትይዣለሽ ወይ ብዬ ተቆጣኋት። ስኒዋን ከአፏ ሳታወርድ ሳቀች።

«እሷ ትደርሳለች» አለች። «አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው እኮ።»

ከሰዓት በኋላውን እኔ ቆሜ ዋልኩ። እሷ ስትቀመጥ ቢያንስ አንዳችን መቆም ያለብን መሰለኝ፤ እንግዲህ ማን ነበር የማያምነው? አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ወደ አየር መንገዱ ደወልኩ፤ አውሮፕላኑ በሰዓቱ አርፏል አሉኝ። ደስ ብሎኝ ስነግራት አውቃለሁ በሚል ራሷን ነቀነቀች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠች። አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ። የኮሪደሩ ስልክ ዝም እንዳለ ነው። ወደ ትንሿ ስልክ ደጋግሜ ብደውል ዝግ ነው ይለኛል። አክስቴ ማንጎራጎሯን መቼ እንዳቆመች አላስተዋልኩም።

አንድ ሰዓት ላይ የእኔ የእጅ ስልክ ጮኸ። እዚያ የምትቀበላት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ናት። አክስቴም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ጓደኛዋ ሳትደናገጥ ነው የምታወራው፤ ሻንጣዋ ጠፍቶባት ይሆን እያለች። በዚያ በረራ የመጣ ሰው ሁሉ ወጥቷል፣ እሷ ግን የለችም፣ ምናልባት በሌላ በር ወጥታ ደውላላችሁ ይሆን ብዬ ነው አለች። ቀጥላም እንደ ዋዛ፣ «እዚህ እንኳ ማንም የለም፤ ጠራጊዎቹ መጥተው ወለሉን እየወለወሉ ነው» አለች።

አክስቴን አየኋት። ከፊቷ ላይ ደም የሚባል ጠፍቷል። አረንጓዴው ቀሚስ ድንገት የሌላ ሰው ልብስ መሰለባት። ጓደኛዋ ያን ሌላውን ታሪክ አታውቅም፤ ጠራጊዎቹ ለእኛ ምን እንደሆኑ አታውቅም። አመስግኜ ዘጋሁት። 

አክስቴ ተነሣች። ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ያኖረችውን አሮጌ ክር አወጣች፤ የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ አልከተተችውም ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ገላዋ ላይ ነበር የዋለው። ወደ ኮሪደሩ ገባች። መሽቷል፣ መብራት አላበራችም። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ክሩን ከጣቷ ላይ ስትፈታው የሚቸኩል ሰው አትመስልም፤ እያንዳንዱን ዙር እየዳሰሰች ነው። የልጅቱን ክር ከሚስማሩ አወረደች። መጀመሪያ አሮጌውን ከውስጥ፣ ግድግዳውን አስጠግታ ሰቀለችው፤ በላዩ የልጅቱን። አሁን የሚወርድ ካለ መጀመሪያ የሚወርደው የልጅቱ ነው። ከዚያ ስልኩን ሳታነሳ፣ እጇን ላዩ ላይ አድርጋ፣ ጎረቤቷን በአጥር እንደምታናግር ሴት ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ሰማሁህ» አለች። «ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን አንተ ቆይ። ልጅቱ ትቅደም።»

ቤቱ ጭጭ አለ። ማቀዝቀዣው እንኳ ማጓራቱን ያቆመ መሰለኝ። ይህቺ ሴት አበደች፣ እኔም አብሬ እያበድኩ ነው ብዬ አስባለሁ፤ እያሰብኩም ግን በልቤ ትቅደም፣ ትቅደም እላለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ስልኩ ጮኸ። አንድ ጊዜ።

አክስቴ የላይኛውን ክር አወረደች፣ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተች። «ደረሰች» አለች። ፊቷን ግን አልታጠበችም። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ግንባሯን አሮጌው ክር ላይ አድርጋ ቆመች። ወዲያው የእጅ ስልኬ ጮኸ፤ ትንሿ በበሩ ወጥታ ከጓደኛዋ ጋር ተቃቅፈው ሲንጫጩ ሰማሁ። ያኔ እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ምን እንደሆነ የሰማነው እሑድ ዕለት፣ ትንሿ ተረጋግታ ስትደውል ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገን አክስቴና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ያለፈ የመንገድ ቀልድ እንደምትነግር ሰው እየሳቀች ነው የምትነግረን። የፓስፖርቱ ሰልፍ ላይ ከፊቷ አንድ ሰውዬ ነበር። መስኮቱ ጋ ደርሶ ወረቀቱን ፍለጋ ኪሱን ይፈትሻል፣ ደግሞ ይፈትሻል፤ አያገኝም፣ ከቦታውም አይለቅም። ሌሎቹ መስኮቶች ሰዎቻቸውን ጨርሰው ተዘጉ፤ መብራቱን ከጀርባ እያጠፉ መጡ፤ እሷና ሰውየው ብቻ ቀሩ። እዚያ ውስጥ ስልክ መክፈት ክልክል ነው፣ ከኋላው ቆማ መጠበቅ ብቻ ነው። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴት ደግሞ ሰውየውን የምታየው አትመስልም፤ አንገቷን ደፍታ ዝም። ትንሿ በዚህ በጣም ተናዳ ነበር።

«ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ» አለች። «ወጣት ነው፣ የእኔ እኩያ ቢሆን ነው። ብዙ አየኝ። ደግሞ በእኛው ቋንቋ ‹ቅደሚ፣ ልጄ› አይለኝ መሰላችሁ! እኩያዬ ልጄ ሲለኝ ሳቄ መጣ። አመስግኜው አለፍኩ።»

አክስቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ታዳምጣለች። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ምን ለብሶ ነበር አልኳት። ትንሿ የባሰውን ሳቀች። የአያቶቻችን ዘመን ቡናማ ኮት ለብሷል፣ ሚስትም እንደሌለው ያስታውቃል አለች፤ ኮቱ ላይ ካሉት ቁልፎች አንዷ ሰማያዊ፣ የሕፃን ልብስ ቁልፍ ናት።

እጄ ሳላዝዘው ደረቴ ላይ ሄደ፣ ያ ሹራብ ተከፍቶ ይቀርበት የነበረው ቦታ።  አክስቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ድምፅዋ ያው የዘወትሩ፣ ደንበኛ የምታስተናግድበት ነው።

«ወዴት ሄደ?» አለቻት።

«ወደ ኋላ ነዋ፣ ወደ መጣንበት ኮሪደር። ማኅተሙን አስመትቼ ዞር ስል ጀርባውን አየሁት። መብራቱ ከፊቱ እየጠፋ እሱ ዝም ብሎ ይሄዳል። ምነው እማዬ?»

«ምንም» አለች አክስቴ። «በደንብ ብዪ፣ ራስሽን ጠብቂ።»

በማግስቱ ጠዋት ከክፍሏ ስትወጣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ያ ሁሉ ዘመድና ጎረቤት፣ ስንት ዘመን አልቅሺ ሲላት የኖረው፣ ወንበር ተሸክሞ ግቢውን ሞላው። ተመስገን፣ ቁርጧን አወቀች፣ አሁን ልቧ ያርፋል ይባባላሉ። እሷም ለመጣው ሁሉ እየተነሣች ታለቅሳለች፤ እውነተኛ ለቅሶ ነው፣ ከሆዷ የሚወጣ።

ሰው ቀለል ሲል ኮሪደሩ ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት። ክሩ ያው ሚስማሩ ላይ ነው። እንግዲህ ካለቀስሽለት ይህን ነገር አውርጂውና ይብቃሽ አልኳት፤ እጄንም ዘረጋሁ። እጄን ይዛ መለሰችልኝ።

«ሞቷል ብዬ መሰለሽ የማለቅሰው?» አለችኝ። «ደርሶ ነበር እኮ። የመለስኩት እኔ ነኝ።»